ማዲሰን ስትሪት 80 ቁጥር፦ ጥያቄው ባትሪው የት ቻርጅ ይደረጋል ነው

ጁን 20 ቀን 2023፣ በኛ ሰኔ 13/2015 መሆኑ ነው፣ ከእኩለ ሌሊት ትንሽ እንዳለፈ ኒውዮርክ ማንሃተን ቻይናታውን ውስጥ ማዲሰን ስትሪት 80 ቁጥር ላይ እሳት ተነሳ። ሕንፃው ባለ ስድስት ፎቅ ነው፣ ግራውንዱ ላይ የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ስኩተር የሚሸጥበት የሚጠገንበት ሱቅ አለ፣ ከሱቁ በላይ ሰው ይኖራል። አራት ሰው ሞተ፣ ሌሎችም ክፉኛ ተጎዱ። የኒውዮርክ እሳት አደጋ መርማሪዎች ብዙም ሳይቆዩ ምክንያቱ እነዚህ ብስክሌቶችና ስኩተሮች የሚሠሩበት ሊትየም አዮን ባትሪ ነው አሉ። ከእሳቱ በኋላ ያሉትን ፎቶዎች ያየ ሰው ያስታውሳል፣ የተቃጠለ ብስክሌትና ስኩተር ሱቁ ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ ተከምሮ ነበር።

ይሄ እሳት ከሌሎቹ የባትሪ እሳቶች የሚለየው ሱቁ ለከተማው አዲስ ስላልነበረ ነው። በጊዜው የከተማው እሳት አደጋ ኮሚሽነር የነበረችው ላውራ ካቫና ራሷ እንዳለችው ሱቁ ኦገስት 2022 ላይ ተፈትሾ ነበር፣ ባትሪ ቻርጅ የሚደረግበት መንገድ፣ የባትሪው ብዛት፣ የኤሌክትሪኩ ነገር፣ ሁሉም ተጽፎበት ክስ ቀርቦበት ጥፋተኛ ተብሎ ቅጣት ተጥሎበታል። ቅጣቱ ስንት ነው? 1,600 ዶላር። ያኔ አንድ ደህና ኢ-ባይክ (የኤሌክትሪክ ብስክሌት) ይገዛል ይሆናል፣ ከዛ አያልፍም። ሱቁ ከፍሎ ሥራውን ቀጠለ፣ አስር ወር ገደማ ቆይቶ ይሄ ሆነ። እኔን የሚገርመኝ ማንም ሳያውቅ የሆነ ነገር አለመሆኑ ነው፣ ወረቀት ላይ ሁሉ ነገር ተጽፏል እኮ።

ሌላም አለ። የከተማው ምክር ቤት በዛው ዓመት ሕግ አውጥቶ ነበር፣ ያኔ ከንቲባ የነበሩት ኤሪክ አዳምስ ማርች 2023 ላይ ፈርመውታል። ሎካል ሎው 39 ይባላል፣ ኒውዮርክ ውስጥ የሚሸጥ የሚከራይ ኢ-ባይክ፣ ስኩተርና ባትሪ ሁሉ ዩኤል የሚባለውን የአሜሪካ የዕቃ ደህንነት ፈታሽ ድርጅት ስታንዳርድ አልፎ ሰርተፍኬት ያለው መሆን አለበት ይላል፣ ለብስክሌቱ 2849፣ ለስኩተሩ 2272፣ ለባትሪው 2271 የሚባለውን ማለት ነው። ግን ሥራ ላይ የሚውለው ሴፕቴምበር ላይ ነበር። እሳቱ የተነሳው ተፈርሞ ሳይጀምር መሃል ላይ ነው።

አሁን እስቲ ለምን እዛ ሱቅ ውስጥ ያ ሁሉ ባትሪ እንደሚከማች እናውራ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ዜናውን ሰምቶ «ሰዎቹ ግዴለሾች ናቸው» ብሎ ነው የሚያልፈው። ኒውዮርክ ውስጥ በአፕ ምግብ የሚያደርሱ ደሊቨሪ ሠራተኞች ቁጥር ከ60 ሺህ በላይ ይገመታል፣ አብዛኛው ስደተኛ ነው። ኢ-ባይኩን የሚገዛው ራሱ ነው፣ ባትሪውንም ራሱ፣ ሲሰበር የሚያሠራውም በራሱ ኪስ ነው፣ አፑ አያገባውም። አንድ ባትሪ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አይችልም። ስለዚህ ሁለተኛ ባትሪ ይገዛል፣ አዲስ ኦሪጅናሉ ውድ ስለሆነ «የታደሰ» የሚባለውን ይገዛል። ማታ ደግሞ የት ይሰካል? ክፍሉን ከሶስት ከአራት ሰው ጋር ተጋርቶ ነው የሚኖረው፣ አንዳንዱ ሕንፃ ደግሞ ባለቤቱ ኢ-ባይክ እንዳይገባ ከልክሏል። እንግዲህ በወር ትንሽ ከፍሎ ሱቅ ያሳድራል፣ ወይ ደብቆ ያስገባል። ሱቁ የባትሪ ማደሪያ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ባትሪው ውስጥ ምን አለ የሚለውን ካላየን ቻርጅ ማድረግ ለምን አደገኛ እንደሚሆን አይገባንም። የኢ-ባይክ ባትሪ ሲከፈት አንድ ትልቅ ነገር አይደለም፣ ከጣት ትንሽ ወፈር የሚሉ የብረት ሴሎች ተደርድረው በስስ የኒኬል ቁራጮች ነጥብ በነጥብ ተበይደው ነው ያሉት። በጣም የተለመደው 18650 የሚባለው ነው፣ ወርዱ 18 ሚሊሜትር ቁመቱ 65። ቫይፕ (ኢ-ሲጋራ፣ የኤሌክትሪክ ሲጋራ) የሚያጨስ ሰው ይሄን ሴል በደንብ ያውቀዋል፣ ትልልቆቹ ቫይፖች ውስጥ የሚገባው ራሱ እሱ ነው፣ የድሮ ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥም ያለው እሱ ነው። እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ከዛ በላይ መግፋት የለበትም። ባለ 36 ቮልት ብስክሌት 10 ሴል በተከታታይ አለው፣ ስለዚህ ሙሉ ሲሆን 42 ቮልት። ባለ 48ቱ ደግሞ 13 በተከታታይ፣ ሙሉ ሲሆን 54.6።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። የቻርጀሩን ጀርባ ገልብጣችሁ ብታዩ «አውትፑት 54.6 ቮልት 2 አምፔር» ምናምን የሚል ትንሽ ጽሑፍ አለ። የ36ቱ ቻርጀር ላይ 42 ይላል። ችግሩ የሁለቱም ገመድ ጫፍ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ክብ መሰኪያ ነው፣ ይገባል። ባለ 54.6ቱን ቻርጀር ባለ 36ቱ ባትሪ ላይ ብትሰኩት ቻርጀሩ እያንዳንዱን ሴል ወደ 5.46 ቮልት ለመግፋት ይሞክራል ማለት ነው። ጤነኛ ባትሪ ውስጥ ቢኤምኤስ የሚባል ትንሽ ቦርድ አለ፣ የሴሎቹን ቮልቴጅ እየተከታተለ «በቃ» ብሎ ይቆርጠዋል። ቦርዱ የረከሰ ከሆነ፣ ወይ የሆነ ቀን ተበላሽቶ ጠጋኙ «ይሠራል እኮ» ብሎ ቀጥታ አገናኝቶ አልፎት ከሆነ፣ የሚቆርጥ የለም። ሴሉ ውስጥ ሊትየም መግባት ያለበት ቦታ ሳይገባ ላዩ ላይ ብረት ሆኖ ይጋገራል፣ ሁለቱን ኤሌክትሮድ የሚለየው ስስ ፕላስቲክ ይበሳል፣ ውስጡ ሾርት ያደርጋል፣ ሙቀቱ ሙቀት እየወለደ ይሄዳል፣ እሱ ሴል ሲፈነዳ ጎረቤቱን ያሞቀዋል። ባለ 48 ቮልት 15 አምፔር ሰዓት ባትሪ ውስጥ 65 ሴል ሊኖር ይችላል፣ አንዱ ከተነሳ ሌሎቹ በወረፋ ናቸው።

«ታዲያ ትክክለኛውን ቻርጀር ከተጠቀምኩ ምን አለ» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ አብዛኛውን ችግር ይቀንሳል፣ ግን የታደሰ ባትሪ ሌላ ጣጣ አለው። ከተለያየ ያረጀ ባትሪ የወጣ ሴል ተሰብስቦ አንድ ላይ ሲበየድ አንዱ ደክሟል አንዱ ገና ነው፣ የደከመው ቀድሞ ይሞላል ቀድሞ ያልቃል፣ ቻርጀሩ ደግሞ የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው። 54.6 ሲደርስ «ሞላ» ይላል፣ ውስጥ ግን አንዱ 4.0 ላይ ሆኖ አንዱ 4.4 አልፎ ሊሆን ይችላል። ኒውዮርክ ከሎካል ሎው 39 ጋር አብሮ ያወጣው ሎካል ሎው 42 ካገለገለ ባትሪ የወጣ ሴል ተጠቅሞ ባትሪ መገጣጠምና መሸጥ የሚከለክለው ለዚህ ነው፣ እኔ ከሁለቱ የተሻለው ሕግ ይሄኛው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ዋናው ንግድ እዛ ላይ ነው ያለው።

ቅዝቃዜም አለ። ሊትየም አዮን ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ መደረግ የለበትም፣ ያ የመጋገር ነገር በብርድ ይብሳል። የኒውዮርክን ጃንዋሪ አስቡት፣ የደሊቨሪው ልጅ ቀኑን ሙሉ በረዶ ላይ ውሎ ሲገባ ባትሪውን አውልቆ ወዲያው ይሰካዋል፣ ጠዋት ስለሚፈልገው። ክፍል ውስጥ ትንሽ አስቀምጦ ሙቀቱ ሲስተካከል ቢሰካ ይሻል ነበር፣ ግን ማን ነግሮት? መንገዱ ላይ ደግሞ ጉድጓድ አለ፣ ጨው አለ፣ ዝናብ አለ፣ ባትሪ ይወድቃል ይረጥባል፣ ጉዳቱ ያኔ አይታይም፣ የሚታየው ቻርጅ ላይ ነው።

«ማታ ቻርጅ አድርገህ አትተኛ» የሚለው ምክር ትክክል ነው፣ እሳት አደጋ ሁሌም ይለዋል፣ ግን ብቻውን ሲነገር ያናድደኛል። ሂሳቡን እስቲ ሥሩት፣ ባለ 15 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ2 አምፔር ቻርጀር ከባዶ እስኪሞላ ሰባት ሰዓት ተኩል ያልፈዋል። ርካሹ ቻርጀር 2 አምፔር ነው። ቀን 12 ሰዓት የሚሠራ ሰው እሱን ቻርጅ የሚያደርገው መቼ ነው? የሚተኛበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ምክሩ ልክ ሆኖ ማንም የማይፈጽመው ምክር ነው፣ ቦታ ካልተቀየረለት በቀር።

ቦታ የምለው ለምን መሰላችሁ፣ እሳቱ ራሱ ባህሪው ሌላ ነው። ካቫና ደጋግማ የምትናገረው ነበር፣ ይሄ እንደ ሲጋራ ወይ እንደ ምድጃ እሳት ጨሶ ጨሶ ቀስ ብሎ የሚያድግ አይደለም፣ ይፈነዳል። ሴሉ ሲከፈት የሚወጣው ጋዝ ራሱ ተቀጣጣይ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ የተለቀቁ የካሜራ ቪዲዮዎች ላይ ይታያል፣ ጭስ መታየት ከጀመረ በሰኮንዶች ውስጥ ክፍሉ በሙሉ እሳት ነው። ከጠፋ በኋላም ተመልሶ ሊነሳ ይችላል። ብስክሌቱ ደግሞ የሚቆመው የት ነው? በር ጋ። ኮሪደር ላይ። ማለትም መውጫው ላይ። የዲሊቨሪ ልጅ ቤት ውስጥ ብስክሌት ሳሎን መሃል አያቆምም፣ በር ሥር ነው የሚያቆመው፣ ቻርጀሩም እዛው ሶኬት ላይ። እሳት ሲነሳ ውስጥ ያለው ሰው መውጫ የለውም። ማዲሰን ስትሪት ላይ ደግሞ ሱቁ ከሥር ነው ሰዎቹ ከላይ ናቸው፣ ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ስለ ቫይፕ አንድ ነገር ልበል፣ ሴሉ አንድ ስለሆነ ነገሩ ይገናኛል። የአሜሪካ ፌደራል የእሳት አስተዳደር 2017 ላይ ያወጣው ሪፖርት ከ2009 እስከ 2016 አሜሪካ ውስጥ 195 የኢ-ሲጋራ እሳትና ፍንዳታ መዝግቧል፣ 48ቱ ቻርጅ ላይ እያለ ነው፣ 61ዱ ደግሞ ኪስ ውስጥ። ኪሱ የሚገርም ቁጥር ነው፣ ብዙ ጊዜ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር የተቀመጠ ትርፍ ሴል ሾርት አድርጎ ነው የሚነሳው፣ ለዛ ነው ትርፍ ሴል የሚቀመጥባት ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን የምትመከረው። ላዩ ላይ ያለው ስስ ፕላስቲክ ልባስ ከተቀደደ ደግሞ ሴሉን መጠቀም የለባችሁም፣ ምክንያቱም የ18650 አካሉ ዙሪያውን በሙሉ ኔጌቲቭ ነው፣ ፖዘቲቭ የምንለው ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ብቻ ናት፣ በሁለቱ መሃል ያለው ነገር ያቺ ፕላስቲክና አንዲት የወረቀት ቀለበት ነች። ሁለት ሴል የሚወስድ ቫይፕ ካላችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ገዝታችሁ አንድ ላይ ቻርጅ አድርጋችሁ አንድ ላይ ጣሏቸው፣ አንዱን ከሌላ ጋር ማቀያየር ያው ከላይ ያልኩት የታደሰ ባትሪ ነገር ነው በትንሹ። ሴል የሚወጣበት ዓይነት ከሆነ እያንዳንዱን ለብቻ የሚያይ የውጪ ቻርጀር በዩኤስቢ ከመሰካት ይሻላል። ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ትራስና ሶፋ ላይ ሳይሆን ሴራሚክ ወይ ሲሚንቶ ላይ፣ እናንተም ባላችሁበት።

ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት ለምትበሩ፣ ቫይፕም ትርፍ ባትሪም በእጅ ሻንጣ እንጂ ከሥር በሚገባው ሻንጣ አይፈቀድም፣ አውሮፕላን ውስጥ ቫይፕ ቻርጅ ማድረግም ክልክል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ በ2011 የወጣው አዋጅ 1112 ኢ-ሲጋራ ማስገባትም መሸጥም ከልክሏል፣ ለዘመድ ስጦታ ብላችሁ አትያዙ። የኢ-ባይክ ባትሪማ በመንገደኛ ሻንጣ ጭራሽ አይታሰብም፣ ያለ አየር መንገድ ፈቃድ የሚያልፈው ገደብ 100 ዋት ሰዓት ነው፣ ባለ 48 ቮልት 15 አምፔር ሰዓቱ ግን 720 ነው።

ወደ ኒውዮርክ እንመለስ። ከእሳቱ በኋላ ከተማው ተንቀሳቀሰ፣ ስለ እንዲህ ዓይነት ሱቅ ጥቆማ ሲመጣ እሳት አደጋ በ12 ሰዓት ውስጥ ሄዶ እንዲያይ ተባለ፣ በቀናት ውስጥ ደግሞ የከተማው የመንግሥት ቤቶች ግቢ ውስጥ 173 የቻርጅ ጣቢያ ለመሥራት 25 ሚሊዮን ዶላር የፌደራል ገንዘብ ተገኘ ተባለ። ፌብሩዋሪ 2024 መጨረሻ ላይ ማንሃተን ውስጥ ኩፐር ስኩዌር የሚባለው ቦታ ላይ የመጀመሪያው የመንገድ ላይ ቻርጅ ጣቢያ ለሙከራ ተከፈተ፣ ካቢኔ ነው፣ ልጁ ባዶውን ባትሪ አስገብቶ የሞላውን ይዞ ይሄዳል። መቶ የሚሆኑ ሠራተኞች ናቸው ለሙከራው የተመረጡት። ከ60 ሺህ መቶ። ትንሽ ነው፣ ግን ሀሳቡ ትክክል ነው፣ ባትሪውን ከሰው መኝታ ሥር አውጥቶ መንገድ ላይ እሳት በሚችል ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው።

ቁጥሩን ብታዩት ደግሞ የሚገርም ነገር አለ። 2021 ላይ ከተማው ውስጥ በነዚህ ባትሪዎች የተነሳ 104 እሳት ነበር፣ 2022 ላይ ከእጥፍ በላይ ሆነ፣ 2023 ላይ 268 ደርሶ 18 ሰው ገደለ። 2024 ላይ እሳቱ አልቀነሰም፣ እንዲያውም 277 ሆነ፣ የሞተው ሰው ግን ወደ 6 ወረደ። ከቤት ውጪ የሚነሳው ድርሻ ጨመረ፣ ውስጥ የሚነሳው ቀነሰ። ሰርተፍኬቱም ቁጥጥሩም ዕውቀቱም አስተዋጽኦ ይኖረዋል፣ እኔ ግን ከዚህ ቁጥር የማነበው በዋናነት እሳቱ ቦታ መቀየሩን ነው።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ኒውዮርክን ለማማት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ማዲሰን ስትሪት 80ን ለመገመት አይቸገርም፣ ግራውንዱ ሱቅ ነው፣ ከላይ ቤተሰብ ነው፣ ደረጃው አንድ ነው። አገሪቱ 2024 መጀመሪያ ላይ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክላ ወደ ኤሌክትሪክ ዞራለች፣ የኤሌክትሪክ ስኩተርና ብስክሌትም መንገዱ ላይ እየበዛ ነው። እነሱ ደግሞ እንደ መኪናው አይደሉም፣ ባትሪያቸው ይወልቃል፣ ወደ ቤት ይገባል። ባትሪው ሲደክም የሚሄደውም ጠጋኝ ጋ ነው፣ ጠጋኙም ሴል የሚያገኘው ካገለገለ ባትሪ ነው። ያው ሰንሰለት ነው።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ደግሞ የኛ የራሳችን ልማድ አለ፣ የመጣ ለታ ሁሉም ነገር አንድ ኤክስቴንሽን ላይ ይሰካል፣ ስልኩም ፓወር ባንኩም ስኩተሩም። ስኩተሩን ቢያንስ ለብቻው ግድግዳው ሶኬት ላይ፣ በር ሥር ያልሆነ ቦታ። ባትሪው ካበጠ፣ ካፈሰሰ፣ ጣፋጭ ወይ ኬሚካል የመሰለ ሽታ ካመጣ፣ ወይ ቻርጅ ላይ እያለ እጅ የማያስነካ ሙቀት ካለው ነቅሎ ከቤት ማውጣት ነው፣ ጭስ ከጀመረ ግን አትንኩት፣ በሩን ዘግታችሁ ሰዉን ይዛችሁ ውጡ።

የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ስብሰባ ላይ ብታነሱት ጥሩ የሚሆነው ጥያቄ የቆጣሪው ነው። ባለ ስኩተሩ ልጅ ባትሪውን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣው ወዶ አይደለም፣ ግቢው ውስጥ ሶኬት የለም፣ ቢኖርም የማን ቆጣሪ ላይ ይቁጠር የሚለው አልተወሰነም። ፓርኪንጉ ጥግ ላይ ከግድግዳው ራቅ ያለ ቆርቆሮ ጥላ፣ ለብቻው ብሬከር ያለው መስመር፣ ለተጠቃሚዎቹ አንድ የጋራ ቆጣሪ፣ ወርሃዊ ሂሳቡን የሚካፈሉት ራሳቸው፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ስንት እንደሚፈጅ ከአንድ ኤሌክትሪሺያን ዋጋ ጠይቃችሁ ግቡ።